ኪራይ የሚከፍል ዘበኛ

እህቴ ከአዲስ አበባ ደውላ «አሶሳ ቤት ስንት ይከራያል?» ስትለኝ ሱቄ ውስጥ ምስማር እየመዘንኩ ነበር።

«ለማን?» አልኳት።

«ለእኔ ነዋ ወንድምዓለም፤ ለማን ሊሆን ነው?»

ምስማሩን ሚዛኑ ላይ እንዳለ ትቼ ወደ ውጭ ወጣሁ። ታናሽ እህቴ ናት። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነው። አግብታ ከሄደች ወዲህ ለበዓልም ለሠርግም መጥታ ታውቃለች፤ ዋጋ ጠይቃ ግን አታውቅም። ዋጋ የሚጠይቅ ሰው እግሩ ባይመጣም ልቡ መጥቷል፤ ይሄን ከደንበኛ ተምሬዋለሁ። ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ምን ገጥሟት ይሆን ብዬ ደነገጥኩ።

የገጠማት አዲስ አበባን ሁሉ የገጠመው ነው። አከራይዋ «ልጄ ከውጭ ሊመጣ ስለሆነ ቤቱን ልቀቂልኝ» ብላታለች። ይሄ ከውጭ የሚመጣ ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ በየግቢው አለ፤ ሲመጣ ያየው ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። የሚመጣው እጥፍ የሚከፍል ሌላ ተከራይ ነው። የእህቴ ባል ሴራሚክ አንጣፊ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ሳሎን ሲያሳምር ይውልና ማታ ከእሷና ከልጆቹ ጋር አንዲት ክፍል ውስጥ ተጣጥፎ ያድራል። ለዚያችም ክፍል ነው እንግዲህ የሌለ ልጅ የሚመጣው።

በዚህ መሐል አንድ የአሶሳ ደላላ ቪዲዮ ለቀቀ። የድሮ ደላላ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ይዋሽ ነበር፤ የአሁኑ በሙዚቃ አጅቦ ይዋሻል። ሦስት ክፍል፣ ሰፊ ግቢ፣ የማንጎ ዛፎች፣ የራሱ የውሃ ታንከር። ኪራዩ እህቴ ለዚያች ለአንዷ ክፍል ከምትከፍለው ግማሹን አይሞላም። እህቴ ቪዲዮውን ደጋግማ አይታ ለባሏ አሳየችው፤ ባሏም አይቶ «ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ እኔ አሳምረዋለሁ» አለ። አያችሁ፣ ሰውየው በሐሳቡ ገብቶ ወለል ማንጠፍ ጀምሯል።

«ነይና እይው» አልኳት። «ሳታይ ግን ቀብድ እንዳትከፍዪ።»

ስለዚህ ከተማ ጤና እኔን መጠየቅ ይቀላል። የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ነኝ። ሐኪም ምላስ አውጣ ይላል፣ እኔ መደርደሪያዬን አያለሁ። ሲሚንቶና ቆርቆሮ ሲሄድ ሰው ሊኖር አስቧል ማለት ነው። ጓጉንቸር ቁልፍ ሲሄድ ሰው ፈርቷል። ሸራና ሲባጎ ሲሄድ ደግሞ ዕቃውን እየጫነ ነው። ያን ሰሞን ሲሚንቶዬ ከረጢቱ ውስጥ ድንጋይ ሊሆን ደርሶ ነበር፤ ቁልፍ ግን ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ ያልቃል። ይባስ ብሎ አንዳንድ ጎረምሶች በጋሪ ያገለገለ ቆርቆሮ ጭነው እየመጡ «በርካሽ ውሰደው» ይሉኛል። ቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳ አለው። ያ ማለት ከጥቂት ቀን በፊት የሰው ጣራ ነበር። ሰድቤ አባርራቸዋለሁ፤ እነሱም ሰድበውኝ ወደሚቀጥለው ሱቅ ይሄዳሉ። የሚቀጥለው ሱቅ ምን እንዳላቸው አላውቅም፤ ባዶ ጋሪ ይዘው ሲመለሱ ግን አይቻለሁ።

ሰው ሁሉ ክፉ ሆኖ አይደለም። ሥራ የለም። የግድቡ ሥራ በነበረ ጊዜ ወደ ጉባ የሚሄደው መኪናም ሰውም ብዙ ነበር፤ ንግዱም ለሁላችን ይደርስ ነበር። ግድቡ አለቀ፤ እሰየው፣ እኔም ቦንድ ገዝቻለሁ፣ ባለቀ ዕለት እንደማንም ጨፍሬያለሁ። ሠራተኛው ግን ሻንጣውን ይዞ ሄደ። የድባጤ ደንበኛዬ መተከል በታመሰበት በዚያ በክፉው ዓመት ሱቁን ጥሎ ሸሽቶ መጣ፤ ከእኔ ሲሚንቶ በመኪና ይጭን የነበረ ሰው አሁን ከሱቄ ፊት ለፊት ቲማቲም ይሸጣል። ይሄን ሁሉ ለእህቴ በስልክ መንገር ነበረብኝ። አልነገርኳትም። ትምጣና ትይ አልኩ፤ እውነቱን ለመናገር እንድትመጣ ፈልጌ ነው።

መጣች። ነቀምት ላይ መኪኖቹ የወታደር እጀባ ሲጠብቁ ተሰልፈው አድረዋል። ባምባሲ ስትደርስ «ደረስኩ፣ አለሁ» ብላ ደወለችልኝ። መናኸሪያ ሄጄ ስቀበላት የማያውቋት ሰዎች ከበው «መንገዱ እንዴት ነው? እጀባ ነበር? የት የት አቆሟችሁ?» ይሏታል። እኛ ጋ ይሄ ሰላምታ ነው። ስለ ልጆችና ስለ ጤና የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው።

በማግስቱ ደላላው በባጃጁ መጥቶ ወሰደን። ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ለእኔ «ፋዘር»፣ ለእህቴ «ማዘር» የሚል ልጅ እግር ሰው ነው። የቤቱ ባለቤት አዲስ አበባ እንደሚኖርና ለኪራይ ብዙም እንደማይጨነቅ ነገረን። ለኪራይ የማይጨነቅ አከራይ! ባጃጁ ውስጥ ጆሮዬ ቆመ።

ቤቱ እንደ ቪዲዮው ነበር፤ ደላላው በዚህ አልዋሸም። ግቢው ሰፊ ነው፣ የቀርከሃው አጥር ጥሩ ነው፣ ማንጎዎቹ ተንዠርግገዋል። በሩ ላይ ግን ቁልፍ በቁልፍ ላይ ተደርድሯል፤ አንዱ ከእኔ ሱቅ የተገዛ ነው። እህቴ ገብታ ከክፍል ክፍል ዞረች። አንደኛው ክፍል መሐል ቆማ ግድግዳውን በእጇ እየዳበሰች «ይሄ የልጆቹ ነው» አለች። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄዳ ከፈተችው፣ ዘጋችው፣ እንደገና ከፈተችው። አንጀቴን በላችው።

እኔ ውጭ ወጥቼ ጣራውን አየሁ። ጠርዙ ላይ ከዛጉት ምስማሮች አጠገብ የሚያብለጨልጩ አዳዲስ ምስማሮች ተመትተዋል። የተቀየረው ቆርቆሮ ቀላል አይደለም።

«ይሄ ጣራ ምን ሆኖ ነው?»

«ነፋስ ነው ፋዘር።»

«ነፋስ ቆርቆሮ ይቀድዳል። ምስማር በጉጠት እየነቀለ ኪሱ የሚከት ነፋስ እኛ ሰፈር አይነፍስም።»

መነጽሩን አስተካከለ። ከዚያ ወደ እህቴ ዞሮ ባለቤቱ «ትንንሽ ነገሮች» እንዳሉት ይዘረዝር ጀመር። ውሻ አለ፣ እንዲያበሉት። ማታ ማታ የውጭው መብራት እንዲበራ።

«ሲጠፋስ?» አልኩት። ግድቡ ክልላችን ውስጥ ነው፤ መብራቱ ግን ሲያሰኘው ብቻ ነው የሚጎበኘን።

«ፋኖስ አለ ፋዘር፣ ባለቤቱ ገዝቷል።» ቀጠለ። ጓሮው ባዶ መስሎ እንዳይታይ እስከ አጥሩ ድረስ በቆሎ ይዘራ። «ደግሞ ቤቱ ሰው እንዳያጣ። አንድ ሰው ሁልጊዜ ይኑር።»

«ሁላችንም የምንወጣበት ቀን ቢኖርስ?» አለች እህቴ።

«አንዳችሁ ትቀራላችሁ፣ ማዘር።»

ይሄን ጊዜ ከአጥሩ ማዶ አንዲት ሴትዮ ብቅ አሉ። የበርታ ተወላጅ ናቸው፤ ገበያ ላይ ከሩቅ አውቃቸዋለሁ፤ በአማርኛቸው ወንዱም ሴቱም «አንተ» ነው። እህቴን ከላይ እስከ ታች አዩዋትና «አንተ ነው አዲሱ ዘበኛ?» አሏት።

«ዘበኛ አይደለሁም እናቴ። ተከራይ ነኝ፤ ማለቴ ልሆን ነው።»

«ያም ተከራይ ነኝ ይላል። አስተማሪ ነበር። ጥሩ ሰው፣ ወላሂ። ግን ለቅሶ አይመጣም፣ ሠርግ አይመጣም፣ ከቤት አይወጣም። ማታ ማታ ባለቤት ይደውላል። ‹ቤት ነህ?› ይላል። ‹ቤት ነኝ› ይላል። ተከራይ እንዲህ ነው?»

«አሁን የት ሄደ?» አልኳቸው።

«ለበዓል እናቱ ጋ ሄደ። ሲመለስ ጣራ የለም። ሌባ ወሰደ። ባለቤት ‹ክፈል› አለው። እሱ የት ያመጣል? ዕቃውን ትቶ ሄደ።»

ደላላው «እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እናት» አለ።

«ሌላ አይደለም። ያው ነው» አሉት ሴትዮዋ፤ ለእህቴ ማንጎ አቀብለዋት ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ደሜ ፈላ። ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ባለቤቱ ቤቱን ጥሎ ሄዷል። ባዶ ቢተወው ጣራውን ይነቅሉበታል፣ ጓሮውን ያጥሩበታል። ዘበኛ ቢቀጥር ደመወዝ ሊከፍል ነው። ስለዚህ ምን አደረገ? ቸገረን የሚሉ ሰዎችን በሙዚቃ ጠርቶ፣ ዘበኛ አድርጎ ሲያበቃ፣ ኪራይ ያስከፍላቸዋል! ስንት ዓመት ነግጃለሁ፤ ሚዛን የሚሰርቅ አይቻለሁ፣ ሲሚንቶ በአመድ የሚደባልቅ አይቻለሁ። ሠራተኛውን ደመወዝ የሚያስከፍል አሠሪ ግን ያን ቀን አየሁ።

«ደውልለት» አልኩት ደላላውን። «ድምፁን ክፈተው፤ ሁላችንም እንስማ።»

ባለቤቱ ድምፁ ለስላሳ ነው። እህቴን እየጠበቀ እንደነበር፣ ቤቱ በማንም ሳይሆን በጨዋ ሰው እንዲያዝለት እንደሚፈልግ ነገረን።

«ወንድሜ» አልኩት፣ «ሥራ ብንሄድ ቤቱን ማን ይጠብቃል?»

«አይ፣ አንድ ሰው ይቀመጥ እንጂ።»

«እንግዲያው ይሄ ጥበቃ ይባላል። ጥበቃ ደመወዝ አለው። አንተ ዘበኛህን ኪራይ ታስከፍላለህ። ይሄን ሙያ ለእኔም አስተምረኝ፤ ሱቄን የሚጠብቁትን ሽማግሌ ከነገ ጀምሮ ላስከፍላቸው።»

«ምን ጥበቃ ያስፈልጋል? አሶሳ እኮ ሰላም ነው! እናንተ ናችሁ የምታስወሩባት።»

«ሰላም ከሆነ አንተ ለምን ሄድክ?»

«እኔማ ለልጆቹ ትምህርት ብዬ ነው።»

ልብ በሉልኝ፣ ከዚህ ከተማ ፈርቶ የሄደ አንድም ሰው የለም። ሁሉም የሄደው ለልጆቹ ትምህርት ነው። ልጅ የሌለው ሳይቀር ለልጆቹ ትምህርት ሄዷል።

አፌን ልከፍት ስል እህቴ ስልኩን ከደላላው እጅ ወሰደች። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ልጄ ታማብኝ ሐኪም ቤት ባድርና በዚያው ሌሊት ጣራው ቢነቀል፣ እኔን ያስከፍሉኛል?»

«እሱን... ያኔ እንነጋገራለን» አለ።

«አሁን እንነጋገር።»

ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። «እሺ በቃ፣ እህቴ። ጣራውንም አልጠይቅሽ። ኪራዩንም ተይው። በነፃ ግቢ። ብቻ ሰው ይኑርበት።»

ደላላው መነጽሩን አወለቀ። ያን ቀን ዓይኑን ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። «በነፃ? እንዴ! የእኔ ኮሚሽን ከምን ላይ ሊታሰብ ነው?» አለ።

ነጋዴ ነኝና መጀመሪያ ያሸነፍኩ መሰለኝ። ዋጋ አስቀንሼ አውቃለሁ፤ ዜሮ አድርሼ ግን አላውቅም። ከዚያ ነው ነገሩ የጎመዘዘኝ። ዕቃውን በነፃ የሚሰጥህ ሰው ዕቃውን ፈርቶታል። አባትና እናታችን በደርግ ጊዜ ከወሎ ተጭነው እዚህ ሲራገፉ ቤት የተሰጣቸው በነፃ ነበር። ሣር ቤት፣ በነፃ። መሬት፣ በነፃ። ወባውም በነፃ። ትፈልጋላችሁ ወይ ብሎ የጠየቃቸው የለም። ከሞቀው አገራቸው ነቅሎ ያመጣቸው መንግሥት ውለታ እንደዋለላቸው ሲነግራቸው ኖሮ ወደቀ። እኛ ልጆቻቸው እዚህ ተወልደን፣ እዚህ ነግደን፣ እዚህ ቀብረን፣ ዛሬም አንዳንዱ «ሰፋሪ» ይለናል። እህቴ ከቤተሰባችን ፈቃዷን የተጠየቀች የመጀመሪያዋ ሰው ናት፤ ልምጣ ወይስ ልቅር ብላ መዝና መወሰን የምትችል። ያም ሆኖ የተሰጣት ምርጫ ይሄ ነው፤ በአንድ በኩል የሌለ ልጅ የሚያስለቅቃት ክፍል፣ በሌላ በኩል ሌባ የሚያደባበት ቤት።

ማንጎው ሥር የተገለበጠ ጀሪካን ነበር፤ እሱ ላይ ተቀመጠች። ደላላውን «ባጃጅህ ጋ ጠብቀን» አልኩት።

«እሺ፣ በነፃ ነው» አለች። «ባሌ ጠዋት ተነስቶ የት ይሄዳል?»

«አንድ ሆቴል ሊታደስ ነው ይባላል።»

«መቼ?»

«ከዓምና ጀምሮ ሊታደስ ነው።»

«ሌላስ?»

ሌላ ፈለግኩ። በዚህ ከተማ ሴራሚክ የሚነጠፍበትን ቤት ሁሉ አውቃለሁ፤ ማጣበቂያውን የምሸጠው እኔ ነኝ። የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ ሲዘገይበት ወለል አያሳምርም። ሕንፃ የጀመረውም ብረቱን ሽቅብ አቁሞ ትቶታል። «እኔ ሱቅ ይሥራ» አልኩ በመጨረሻ።

«አንተስ ምን ትሸጣለህ?»

ልዋሻት አሰብኩ። «ቁልፍ» አልኳት።

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ሳቁ ቶሎ አለቀ። «ወንድምዓለም፣ አዲስ አበባ ስልኬን ነጥቀውኛል። ከታክሲ ስወርድ፣ በቀትር። አለቀስኩ፣ ሌላ ገዛሁ። የነጠቁኝ ስልክ ነው። እዚህ የምጠብቀው የሰው ጣራ ነው፤ ለዚያውም ባሌ ሥራ ፈትቶ ውሻ እያበላ። ልጆቼ አባታቸውን እንደዚያ እንዲያዩት አልፈልግም።»

«እኔ አለሁ አይደል?»

«አንተማ አለህ። አንተ ስላለህ እኮ ነው የመጣሁት።» ማንጎውን በእጇ እያገላበጠች ቆየችና «አንተስ ለምን ትኖራለህ?» አለችኝ።

«አገሬ ነዋ!» ብዬ ጮኽኩባት። ውሻው ተነስቶ ጮኸ። ከአጥሩ ማዶ ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩኝ። የጮኽኩት በእሷ አልነበረም፤ ግን አጠገቤ የነበረችው እሷ ናት። «እዚህ ስሜን የሚያውቅ አለ። ዱቤ የሚሰጠኝ አለ። ብሞት የሚቀብረኝ እድር አለኝ። ከተማዋ ክፉ ቀን ገጠማት ብዬ እንደዚያ ሰውዬ ለልጆቼ ትምህርት ልሂድ?»

«አላልኩህም» አለች። «ጠየቅኩህ እንጂ።»

ቤቱን እንደማትይዘው ለደላላው ስንነግረው አልተከራከረም። ለባጃጁ ከፈልኩት፤ ያችን ብቻ ነው ያገኘው። በመንገድ ላይ «ፋዘር፣ በነፃ የሚገባ ሌላ ሰው ካወቅክ ንገረኝ» አለኝ። በነፃ የሚገባ ሰው ፍለጋ እንደሚዞር ሳስበው ለእሱም አዘንኩ፤ እሱም እኮ ሥራ ፈልጎ ነው።

እህቴ እጀባው በሚነሳበት ጠዋት ሄደች። መናኸሪያ ስሸኛት «ተቀይመህብኛል» አለችኝ፤ «አልተቀየምኩም» አልኳት፤ እሷም አላመነችኝም። አውቶብሱ ከወጣ በኋላ አንድ ሰው መጥቶ ስለ መንገዱ ጠየቀኝ። ገና ለሄደ አውቶብስ መንገዱ እንዴት ነው ይባላል? እሱንም ጮኽኩበት።

ከሳምንታት በኋላ ደወለች። ሱቅ ሰው አልነበረም።

«ቤት አገኘን» አለችኝ። ከከተማው ዳር፣ ከቀድሞው የራቀ፣ ባሏ ሥራ ለመድረስ በጨለማ የሚወጣበት ሰፈር ነው። ኪራዩን ጠየቅኳት፤ ነገረችኝ፤ ሁለተኛ ጠየቅኳት፤ ያንኑ ነገረችኝ።

«ክፍሏ ጥሩ ናት?»

«ጥሩ ናት። መስኮት ብቻ የላትም።»

«ባልሽ ግንበኛ አያጣም። አንዲት መስኮት ያስከፍት።»

«ጠይቀናት ነበር እኮ አከራይዋን። ‹በራሳችሁ ወጪ ክፈቱ፤ ግን መስኮት ካላት ኪራዩ ይጨምራል› አለችን።»

ስድብ ፈለግኩ። ስድብ አላጣም ነበር፤ ያን ቀን ግን የሚመጥን አጣሁ። «እና ምን ልታደርጉ ነው?» አልኳት።

«ምን እናደርጋለን፣ ወንድምዓለም» አለች። «ቀን ቀን በሩን ከፍተን እንቀመጣለን።»